የተረት መጽሐፍ እንደ ጠመኔ በአላቂ ዕቃ ይመዝገብልን

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በአራዳ ክፍለ ከተማ፣ ከአራት ኪሎ ብዙም በማይርቅ አንድ የመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ 21 ዓመት አስተምሬያለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩት በሁለተኛ ክፍል ነው። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ስለ መማሪያ መጻሕፍት እጥረት የሚነሣው ክርክር ነው። ክርክሩ ተገቢ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በስፋት ሥራ ላይ በዋለበት በ2015 ዓ.ም. መጽሐፉ ሳይደርሰን ቀርቶ በስልክ ከተላከልን ቅጂ ላይ ምንባቡን ወደ ጥቁር ሰሌዳ እየገለበጥን ያስተማርንበትን ጊዜ አልረሳውም። ይሁን እንጂ መማሪያ መጽሐፉ ለእያንዳንዱ ልጅ በነፍስ ወከፍ ቢታደል እንኳ የማይሞላ አንድ ክፍተት አለ፤ እርሱም ልጆች ማንም ሳያነብላቸው ራሳቸው የሚያነቧቸው፣ አጫጭርና ቀላል የሆኑ የተረትና የታሪክ መጻሕፍት በመማሪያ ክፍል ውስጥ አለመኖራቸው ነው። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ደግሞ መጻሕፍቱ ባሉበት ትምህርት ቤት እንኳ ተቆልፎባቸው የሚቀመጡ መሆናቸው ነው።

ነገሩን በአንዲት ተማሪዬ ልጀምር። ከፊት ወንበር የምትቀመጥ፣ ምንባብ ሲነበብ እጇን ከሁሉ ቀድማ የምታወጣ ልጅ ነበረች። ድምጿ ጥርት ያለ ነው፤ አትደናቀፍም፤ አራት ነጥብ ላይ ስትደርስ ትንፋሽ ትወስዳለች። አንድ ቀን ከአጠገቧ ቆሜ ሳዳምጣት ጣቷ ሦስተኛው መስመር ላይ ቆሞ አፏ አምስተኛውን መስመር ሲል አየሁ። ገጹን በእጄ ሸፈንኩት፤ ሳታቋርጥ እስከ መጨረሻው ወጣችው። ከዚያው ምንባብ ውስጥ «ጎረቤት» የሚለውን ቃል መዝዤ በሰሌዳው ላይ ለብቻው ስጽፍላት ግን ዝም አለች። ቃሉን ከአንድ ደቂቃ በፊት በአፏ ብላዋለች፤ በዓይኗ ግን አታውቀውም። በዚያው ሳምንት የቀሩትን ልጆች አንድ በአንድ እየጠራሁ ስፈትን እንደ እርሷ ያሉት ጥቂት አለመሆናቸውን ተረዳሁ።

ጥፋቱ የልጅቷ አልነበረም፤ የእኔና የአሠራራችን ነው። መምህሩ ምንባቡን አንድ ጊዜ ያነባል፤ ልጆቹ በኅብረት ተከትለው ይላሉ፤ ነገም ከነገ ወዲያም ያው ምንባብ ይደገማል። በአንድ ክፍል 50 እና ከዚያ በላይ ልጆች ሲኖሩ እያንዳንዱን ለብቻው ለማስነበብ ክፍለ ጊዜው ስለማይበቃ በኅብረት ማስነበብ የግድ ይሆናል። ሳምንቱ ሲያልቅ ጥሩ ጆሮ ያለው ልጅ ምንባቡን በቃሉ ይዞታል። ቀድሞ ሰምቶት የማያውቅ ጽሑፍ ፊቱ ቀርቦለት «ይህ ምን ይላል?» ብሎ ከፊደሉ ጋር ብቻውን የሚታገልበት አጋጣሚ ግን ዓመቱን ሙሉ ላያገኝ ይችላል። አንድ መማሪያ መጽሐፍ፣ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢዘጋጅ፣ ይህን አጋጣሚ ሊሰጠው አይችልም፤ ምክንያቱም መጽሐፉ አንድ ነው፤ የሚነበበውም በኅብረት ነው።

አባቶቻችን ይህን ያውቁት እንደነበር አምናለሁ። በቄስ ትምህርት ቤት ልጁ ሀ ሁ ሂ ብሎ በተራ ከቆጠረ በኋላ አቡጊዳ ይሰጠዋል። አቡጊዳ ሌላ ምንም ሳይሆን ልጁ ፊደሉን በዜማ በቃሉ እንዳያልፈው ተራውን አፋልሶ የሚጠይቅ ፈተና ነው። ከዚያ በኋላ መልእክተ ዮሐንስ፣ ቀጥሎም ዳዊት ይመጣል፤ ያ ሁሉ ንባብ፣ ያ ሁሉ ገጽ ነው። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ አሳትመው በየቤቱ ያዳረሱት የፊደል መጽሐፍም ሀሁን፣ አቡጊዳንና መልእክተ ዮሐንስን አንድ ላይ የያዘው በዚሁ ሥርዓት መሠረት ነው፤ ፊደል የቆጠረ ልጅ ወዲያው የሚያነበው ነገር ይፈልጋልና። እኛ በዘመናዊው ትምህርት ቤት ፊደሉን አስቆጥረን የሚነበበውን ነገር ሳንሰጠው ቀረን። የዛሬው ክፍል የተለያየ እምነት ያላቸው ልጆች አብረው የሚማሩበት ስለሆነ በዳዊት ምትክ ሊገባ የሚገባው ሁሉም የሚጋራው ተረት ነው ብዬ አምናለሁ።

በዚህ ላይ የአማርኛ ንባብ የራሱ የሆነ አስቸጋሪ ጠባይ አለው፤ ስለ ትምህርት መርጃ መሣሪያ ሲነገር ይህ ጠባይ ብዙ ጊዜ ሲነሣ አልሰማም። 33ቱ ፊደላት ከነሰባት ድምፃቸው 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያ ይበልጣሉ። ይህን ሁሉ የለየ ልጅ እንኳ ገና አላነበበም፤ የቃል መጥበቅና መላላት በጽሑፋችን ላይ ምልክት ስለሌለው ቃሉን ከነትርጉሙ የሚያገኘው ከዐረፍተ ነገሩና ከታሪኩ ብቻ ነው። «ዋና» ላልቶ ሲነበብ ወንዝ ውስጥ የሚዋኙት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ከሌላው የሚበልጠው ነው። «ገና» ጠብቆ በዓል ነው፤ ላልቶ ያልደረሰ ነገር ነው። አንድ ቀን አንድ ተማሪዬ «ጦጣዋም አለች» የሚለውን አጥብቆ አነበበውና ጦጣዋ ዛፉ ላይ መኖሯን የሚናገር መስሎት ቀጠለ፤ ቀጣዩ መስመር የጦጣዋን ንግግር ይዞ ሲመጣበት ቆመ፤ ግንባሩን ቋጠረ፤ ወደ ኋላ ተመለሰና አላልቶ አነበበው። ማንም አላረመውም፤ ያረመው ታሪኩ ነው። እኔ እንደ መምህርት በሰሌዳ ላይ አንድ ሺህ ጊዜ ብዘረዝር የማላስተምረውን ነገር ልጁ በዚያች ቅጽበት ተማረ። እንዲህ ያለው ትምህርት የሚገኘው ደግሞ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ለማወቅ ልጁ ከሚጓጓለት ጽሑፍ ነው።

ችግሩ የእኔ ክፍል ብቻ እንዳልሆነ ከታወቀ ቆይቷል። በ2002 ዓ.ም. በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች በተደረገው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከተፈተኑት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ለክፍላቸው ከተመጠነው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ከዚያ በኋላ በሰባት ቋንቋዎች የአፍ መፍቻ ቋንቋ መማሪያ መጻሕፍት እንደገና ተዘጋጅተዋል፤ መምህራንም ሠልጥነናል፤ እኔም ከሥልጠናው ተጠቅሜያለሁ። ሆኖም ሥልጠናው ላይ «ልጆች ብዙ ያንብቡ» ተብለን ወደ ክፍላችን ስንመለስ የሚነበበው ብዙ ነገር አልነበረም።

አሁን ወደ ቁልፉ ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለትምህርት ቤታችን ሁለት ካርቶን የተረት መጻሕፍት በስጦታ መጡ። ቀጫጭን፣ ባለ ሥዕል፣ ለታችኛ ክፍል የተዘጋጁ ነበሩ። በሞዴል 19 ገቢ ሆኑ፤ እንደ ወንበርና እንደ ሰዓት ንብረት ተብለው ተመዘገቡ፤ ንብረት ክፍል ገቡ። ክፍል ውስጥ ልጠቀምባቸው ስጠይቅ በሞዴል 22 ፈርሜ እንድወስድና በሰኔ ቆጥሬ እንድመልስ ተነገረኝ። የንብረት ኃላፊው ሥራቸውን በትክክል ነው የሠሩት፤ ቅሬታዬ በእርሳቸው ላይ አይደለም። የጠፋ መጽሐፍ ቢኖር ከፈረመው መምህር ላይ ይፈለጋል፤ መምህሩ ተዛውሮ ሊሄድ ቢፈልግ ክሊራንስ አያገኝም። ይህን የሚያውቁ ባልደረቦቼ ላለመፈረም መወሰናቸውን ልወቅሳቸው አልችልም፤ የመምህርን ደመወዝ የሚያውቅ ሰው ይረዳቸዋል። በዚህ ምክንያት መጻሕፍቱ ንጹሕ እንደሆኑ፣ ማኅተማቸው እንደደመቀ፣ በካርቶናቸው ውስጥ ኖሩ። የቆጠራ ኮሚቴ በመጣ ቁጥር ሙሉ ሆነው ይገኛሉ፤ በሪፖርትም ትምህርት ቤቱ ይህን ያህል አጋዥ መጻሕፍት አሉት ተብሎ ይጻፋል።

እኔ 40 መጻሕፍት ፈርሜ ወሰድኩ። የክፍሉ ጥግ ላይ ገመድ ዘርግቼ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልኳቸው፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ወደ ቤት እንዲወስዷቸው ፈቀድኩ። በሰኔ ስቆጥር ዘጠኙ የሉም፤ ከቀሩትም ብዙዎቹ ጠርዛቸው ተበልቷል፤ ሁለቱ ወጥ ነክቷቸዋል። ከሁሉ ይልቅ የተቀዳደዱት ከሁሉ ይልቅ የተወደዱት ነበሩ። የጠፉትን ዋጋ ከፈልኩ። በመስከረም የአንድ ተማሪዬ እናት ከጠፉት አንዱን ይዘው መጡ፤ የተገነጠሉትን ገጾች በጥቁር ክር አንድ በአንድ ሰፍተዋቸዋል። «ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ታናሽየው አልለቅም ብሎኝ ነው፤ ሌሊት እንኳ ከትራሱ ሥር ነው የሚያኖረው» አሉኝ። እኒህ እናት ራሳቸው ማንበብ አይችሉም። ታናሽየው በቀጣዩ ዓመት አንደኛ ክፍል ሲገባ ፊደል የያዘበት ፍጥነት የሚያስደንቅ ነበር። በንብረት መዝገቡ ላይ ግን ያ መጽሐፍ «የጠፋ» ተብሎ ነው የተጻፈው።

ስለዚህ የምጠይቀው ነገር አንድ ነው። የትምህርት ቤቶች የንብረት አሠራር ጠመኔን፣ ወረቀትንና እስክሪብቶን አላቂ ዕቃ ብሎ ይለያል፤ ሲያልቁ ማንም መምህር አይጠየቅባቸውም፤ ማለቃቸው የሥራ ምልክት ነውና። ለታችኛ ክፍሎች የሚሰጥ ቀጭን የተረት መጽሐፍም በዚሁ ረድፍ ይመዝገብ። በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ውስጥ በልጆች እጅ እንዲያልቅ ተብሎ ይታሰብ፤ መተኪያውም በየዓመቱ በትምህርት ቤቱ በጀት ይያዝ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማችን በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆችን ስትመግብ ትልቅ ሥራ ሠርታለች፤ ጠዋት በረሃብ ሰሌዳው የሚጨልምባቸው ልጆች ዛሬ ቀና ብለው ሲቀመጡ እያየሁ ነው። የበላውን እንዲመልስ የሚጠየቅ ልጅ የለም። በዚያው ልብ መጽሐፉንም እንስጣቸው።

«እንዲያልቅ ለሚታሰብ መጽሐፍ ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ተገቢም ጥያቄ ነው። መልሴ የመጽሐፉን ዓይነት እንለውጥ የሚል ነው። የሚያብረቀርቅ ወረቀትና ባለ ብዙ ቀለም ሥዕል ያለው መጽሐፍ ያምራል፤ ውድም ነው፤ ውድ በመሆኑም ይቆለፍበታል። አራት ወረቀት መሐል ላይ ታጥፎ በሁለት ስቴፕል ሲያያዝ 16 ገጽ ያለው መጽሐፍ ይሆናል፤ በጥቁርና ነጭ ይታተም፤ በየገጹ ከሦስት መስመር የማይበልጥ ጽሑፍ በትልልቅ ፊደል ይኑረው፤ ሥዕሉን ልጆቹ ራሳቸው ቀለም ይቀቡታል። በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ድርጅት ከእኛ ትምህርት ቤት በእግር የሚደረስበት ነው፤ ባጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር አገር ሙሉ የሚያትም ቤት ጎረቤቶቹ ለሆኑ ሕፃናት 16 ገጽ ማተም አያቅተውም እያልኩ አስባለሁ። ጽሑፉም ቢሆን በነፃ ሊገኝ ይችላል። አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባለው የደቡብ አፍሪካ ተቋም አማርኛን ጨምሮ በብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎች የሕፃናት ታሪኮችን ማንም እንዲያትማቸውና እንዲያስተካክላቸው ፈቅዶ በኢንተርኔት አስቀምጧል። ከሌላ ቋንቋ የተተረጎመውን እንዳለ ከመስጠት በፊት አማርኛውን የሚያርቅ መምህር ያስፈልጋል፤ «ተረት ተረት» ተብሎ ሲጀመር «የላም በረት» ብሎ ለሚመልስ ልጅ አነጋገሩ ባዕድ የሆነ ታሪክ አይጥመውም።

ከሁሉ የሚበልጠው ምንጭ ግን ቤታችን ያለው ነው። ካርቶኑ ወደ ንብረት ክፍል ከተመለሰ በኋላ ባዶ እጄን መቀመጥ ስላልሆነልኝ ያረጁ የግድግዳ ካላንደሮችን ከጓደኞቼና ከሰፈሬ ባለሱቆች ሰበሰብኩ፤ ጀርባቸው ነጭ፣ ጠንካራና ሰፊ ነው። ልጆቹን «ዛሬ ማታ አያታችሁን ወይም እናታችሁን አንድ ተረት ጠይቃችሁ ኑ» አልኳቸው። ያስተማርኳቸው ልጆች ወላጆች ከየአቅጣጫው የመጡ ናቸው፤ በአንዱ ቤት ኦሮምኛ፣ በሌላው ጉራጊኛ፣ በሌላው ወላይትኛ ይነገራል፤ ልጆቹ ግን በማግስቱ ሁሉንም በአማርኛ ነገሩኝ። እየነገሩኝ በማርከር በካላንደሩ ጀርባ ጻፍኩ፤ የተናገሩትን ቃል ሳልለውጥ፣ ዐረፍተ ነገሩን ብቻ እያሳጠርኩ።

በሦስተኛው ሳምንት የአንበሳው ጢም ተረት መጣ፤ ይህን ተረት ያልሰማ የለም፤ ከአንበሳ ጢም ነቅላ እንድታመጣ ሽማግሌው ያዘዟት ሴት ታሪክ ነው። ያቺ ገጹን ሸፍኜባት የወጣችው ልጅ ከአያቷ ሰምታ ያመጣችው ተረት ይህ ነበር። በእርሷ አያት አተራረክ ሴትዮዋ ጢሙን የምትፈልገው የእንጀራ ልጇ እንዲወዳት ነው። አንድ ወንድ ልጅ ተነሥቶ «አይደለም፤ ባሏ እንዲወዳት ነው፤ የኔ አያት ናቸው የነገሩኝ» አለ። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ሁለቱንም ጻፍኳቸው፤ ጎን ለጎን ሰቀልኳቸው፤ የቱ ላይ ምን እንደሚል ራሳቸው አንብበው እንዲለዩ ነገርኳቸው። ልጅቷ ወደ ካላንደሩ ቀርባ የሌላኛውን፣ በቃሏ የማታውቀውን ማንበብ ጀመረች። ድምጿ እንደ ወትሮው ጥርት ያለ አልነበረም፤ «ሽ... ማ... ግ...» እያለች፣ ጣቷን ከእያንዳንዱ ፊደል ሥር እያስጠጋች፣ እየቆመች፣ ወደ ኋላ እየተመለሰች ነበር የሄደችው። «ሴትዮዋ ሥጋውን አስቀምጣ ሸሸች» የሚለውን መስመር ስትጨርስ ወደ እኔ ዞራ «ነገ ደግሞ ትንሽ ትጠጋለች አይደል?» አለችኝ። በዚያ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንበቧን ያየሁት ያን ቀን ነው።

በእኔ ዕድሜ ያለን ሰዎች በቴሌቪዥን የአባባ ተስፋዬ ሣህሉን ተረት እየሰማን አድገናል፤ እርሳቸው በ1957 ዓ.ም. ጀምረው ለአርባ ዓመታት ያህል የአንድ አገር ሕፃናትን በአንድ ሰዓት ላይ ጸጥ አሰኝተዋል። ያንን የሚተካ ነገር በክፍል ውስጥ ለመፍጠር ስቱዲዮም ሆነ ካሜራ አያስፈልግም። ከሳምንቱ የአማርኛ ክፍለ ጊዜያት አንዱ የተረት ተብሎ በመርሐ ግብሩ ላይ ይጻፍ፤ መምህሩ ይተርክ፤ ወሳኙ ቦታ ላይ ያቁምና ልጆቹ ቀሪውን ከመጽሐፉ ያንብቡ። የክወናና የእይታ ጥበባት ትምህርትም ልጆቹ ያነበቡትን እየተወኑ የሚያሳዩበት ሊሆን ይችላል። ሱፐርቫይዘሮቻችንም ክፍል ሲጎበኙ ግድግዳው ላይ ስንት ቻርት እንደተሰቀለ ከመቁጠር ይልቅ አንድ ልጅ ጠርተው ያልሰማውን ገጽ ቢያስነብቡ፣ ሁላችንም ትምህርታችንን በዚያው ልክ እናስተካክል ነበር።

ከእኛ ትምህርት ቤት ጥቂት ራቅ ብሎ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ልጆቹ ሲያልፉ ሕንፃውን እያዩ ይደነቃሉ፤ እኔም ደስ ይለኛል። ነገር ግን የሰባት ዓመት ልጅ መንገድ ተሻግሮ ብቻውን አይሄድም፤ እናቱም ጠዋት ወጥታ ማታ የምትገባ የቀን ሠራተኛ ናት። የልጅ መጽሐፍ ልጁ ባለበት፣ እጁ በሚደርስበት ከፍታ ላይ መሆን አለበት። ገንዘብ ያለው ወላጅ ለልጁ ገዝቶ ቤቱ ያስቀምጣል፤ የእኔ ተማሪዎች ግን የሚያዩት መጽሐፍ ትምህርት ቤት ያለው ብቻ ነው፤ እርሱም ቁልፍ ውስጥ ነው።

ጉዳዩ የሚመለከታቸው የከተማችን የትምህርትና የንብረት አስተዳደር ኃላፊዎች ይህን ደብዳቤ ካነበቡ፣ የምለምናቸው አዲስ ፕሮጀክት እንዲቀርጹ አይደለም፤ የተረት መጽሐፍ በየትኛው መዝገብ እንደሚገባ የሚገልጽ አንድ ገጽ ሰርኩላር እንዲጽፉልን ነው። እስከዚያው በካላንደር ጀርባ የጻፍናቸው ተረቶች 23 ደርሰዋል። መቅዳት የሚፈልግ መምህር ቢኖር አድራሻዬን ለዝግጅት ክፍሉ ትቻለሁ፤ ማርከርና ያረጀ ካላንደር ይዞ ይምጣ፤ ከትምህርት ሰዓት በኋላ እስከ 11 ሰዓት ክፍሌ ውስጥ አለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የሁለተኛ ክፍል መምህርት
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ